ካ-ሳት፦ 82 ጨረሮችን ከ4 ዲሾች የማውጣት ጣጣ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2010 አንድ የሩሲያ ፕሮቶን ሮኬት ካዛክስታን ውስጥ ካለው ባይኮኑር ተወነጨፈ። የጫነው ካ-ሳት የሚባል፣ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን ሳተላይት ነበር። ባለቤቱ ያኔ የፈረንሳዩ ዩቴልሳት ነበር። የሠራው ደግሞ ያኔ አስትሪየም ይባል የነበረው፣ ኋላ ኤርባስ ውስጥ የገባው ኩባንያ ነው። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሜይ 31 ቀን 2011፣ ሥራ ጀመረ።

ከውጭ ሲያዩት ብዙም አይገርምም። ሳጥን ነው። ሁለት የፀሐይ ክንፍ አለው። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ዲሽ ተዘርግቶለታል። የሚገርመው የእነዚያ አራት ዲሾች ሥራ ነው። እያንዳንዳቸው 2.6 ሜትር ስፋት አላቸው። አራቱ ተባብረው አውሮፓንና የሜዲትራኒያንን ዳርቻ በ82 ጠባብ ጨረሮች ይሸፍናሉ። አንዱ ጨረር መሬት ላይ ሲያርፍ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይይዛል። የሁሉም አቅም ተደምሮ 70 ጊጋቢት በሰከንድ ይሆናል ተብሎ ነበር የታቀደው። በዚያ ዘመን ለአንድ ሳተላይት ይህ ቁጥር አፍ የሚያስይዝ ነበር።

ለምን አራት ዲሽ? አንድ አይበቃም ነበር? ወይስ ጭራሽ 82 ማድረግ አይሻልም? ስለ ሳተላይት ሲወራ ወሬው ሁሉ ሮኬቱ ላይ ነው። እኔ ግን ካ-ሳትን ካ-ሳት ያደረገው ከዲሾቹ ፊት ለፊት ሆርኖቹ (ሞገዱን ወደ ዲሹ የሚተፉና ከዲሹ የሚቀበሉ ቀንድ መሰል አፎች) የተደረደሩባት ጠባብ ቦታ ናት ባይ ነኝ። ሳተላይቱ ያገኘው ስኬትም፣ ኋላ የገጠመው ጣጣም እዚያችው ቦታ ላይ የተወሰነ ነው።

ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ለየቅል ናቸው

ለቴሌቪዥን ሰፊ ጨረር ይመቻል። ኢትዮሳት ብለን የምንጠራውን አገልግሎት እንውሰድ። የሚመጣልን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከቆመው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። ሞያሌ ያለውም መቀሌ ያለውም ተመልካች የሚያየው አንድ ዜና ነው። አንዴ ተልኮ ሁሉም ይቀበለዋል። ተመልካቹ በእጥፍ ቢጨምር ሳተላይቱ ምንም አይጨናነቅም።

ኢንተርኔት እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገው የራሱን ነገር ነው። አንዱ ቪዲዮ ያያል፣ ሌላው ኢሜይል ይልካል። የአንዱ ዳታ ለሌላው ትርፍ ነገር ነው። በአንድ ሰፊ ጨረር መላ አውሮፓን ብትሸፍን ያለህን ፍሪኩዌንሲ ሚሊዮኖች ይሻሙበታል።

ያለው ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ትንሽ ነው። ካ-ሳት በሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ በካ ባንድ፣ ከሳተላይት ወደ ተጠቃሚ ለመላክ ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የተለየው ዋናው ቦታ ከ19.7 እስከ 20.2 ጊጋኸርትዝ ነው። 500 ሜጋኸርትዝ ማለት ነው። ተጠቃሚው ወደ ላይ የሚልከው ደግሞ ከ29.5 እስከ 30 ባለው ነው። እሱም ያው 500 ነው።

መፍትሔው ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ደጋግሞ መጠቀም ነው። ጨረሩ ጠባብ ከሆነ ማድሪድ ላይ የተላከው ዋርሶ አይደርስም። ስለዚህ ማድሪድ ላይ የዋለው ፍሪኩዌንሲ ዋርሶ ላይም ይሠራል። ጎን ለጎን ያሉ ጨረሮች ግን አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም። ካ-ሳት 500ዋን ለሁለት ከፈላት። አንዱ ግማሽ 237 ሜጋኸርትዝ ያህል ሆነ፤ መሐል ላይ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ከዚያ እያንዳንዱን ግማሽ በሁለት ፖላራይዜሽን፣ ማለትም በሁለት የሞገድ መሽከርከሪያ አቅጣጫ፣ ተጠቀመ። አንዱ ወደ ቀኝ የሚሽከረከር፣ ሌላው ወደ ግራ። ሁለት በሁለት አራት። የሙያው ሰዎች እነዚህን አራቱን “ቀለም” ይሏቸዋል። ካርታው ላይ ጨረሮቹ በአራት ቀለም ይቀባሉ። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች አይኖሩም።

ሒሳቡን እንምታው። አራቱ ቀለሞች ተደምረው 948 ሜጋኸርትዝ ነው። አንድ ጊጋኸርትዝ እንኳ አይሞላም። 82 ጨረር እያንዳንዱ 237 ሲይዝ ግን 19.4 ጊጋኸርትዝ ይመጣል። ያው ፍሪኩዌንሲ 20 ጊዜ ተደግሞ ተሸጠ ማለት ነው። የካ-ሳት ንግድ የቆመው በዚህች ሃያ እጥፍ ላይ ነው።

ጠባብ ጨረር ያልተጠበቀ ገበያም አመጣ። የአየርላንድ ነጻ የሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ሳኦርሳት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ካ-ሳት ላይ ወጣ። ሰፊ ጨረር ቢሆን ምልክቱ እንግሊዝንና ጎረቤቶቿን ሁሉ ያዳርስና የስርጭት መብት ጣጣ ይመጣል። አየርላንድ ላይ የሚያርፍ አንድ ጨረር ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ለኢንተርኔት የተሠራ ዲሽ ለጠበቆችም ሥራ አቀለለ።

2.6 ሜትር ከየት መጣ?

ሳተላይቱ የቆመው በ9 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የዲሽ ጨረር ስፋት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በሞገዱ ርዝመትና በዲሹ ስፋት። የሞገዱን ርዝመት ለዲሹ ስፋት አካፍለህ በ70 ስታባዛ የጨረሩን ስፋት በዲግሪ በግምት ታገኛለህ። በ20 ጊጋኸርትዝ ሞገዱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ2.6 ሜትር ዲሽ 0.4 ዲግሪ ይመጣል። 0.4 ዲግሪ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ስትዘረጋው 250 ኪሎ ሜትር ነው። ከላይ ያየነው ቁጥር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። 250 የሚሠራው ጨረሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቢመታ ነው። አውሮፓ ግን ከምድር ወገብ ርቃ ወደ ሰሜን ናት። ጨረሩ አጋድሞ ነው የሚያርፍባት። ኦስሎ አካባቢ ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ የሚታየው ወደ 22 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ክቡ ወደ ሰሜንና ደቡብ ከሁለት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ስለዚህ ከሳተላይቱ ሲታይ እኩል የሆኑ ጨረሮች መሬት ላይ እኩል አይደሉም። የሰሜኑ ጨረር ሰፊ መሬት ይሸፍናል፣ ደግነቱ እዚያ ሰው ሳሳ ያለ ነው።

ዲሹ ለምን 5 ሜትር አልሆነም? መጀመሪያ ነገር፣ ሮኬቱ አፍንጫ ውስጥ መግባት አለበት። ጠንካራ ባለ አንድ አካል ዲሽ በሳጥኑ ጎን ታጥፎ ነው የሚሄደው፣ እላይ ደርሶ ነው የሚዘረጋው። አራት ዲሽ፣ ሁለት ሁለቱ በየጎኑ ተደራርበው። ከዚህ በላይ ማስፋት ማለት ወደሚታጠፍ መረብ መሄድ ነው። መረብ ደግሞ ለካ ባንድ ልሙጥ ማድረግ ያኔ ቀላል አልነበረም። ሁለተኛ፣ ዲሹ ሲሰፋ ጨረሩ ይጠባል። ጨረሩ ሲጠብ ያንኑ አውሮፓ ለመሸፈን ከ200 በላይ ጨረር ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ሆርን፣ ማጉያና ገመድ የት ታስቀምጠዋለህ?

የዲሹን ጌይንም፣ ማለትም ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የማከማቸት አቅሙን፣ ላስላው። ለ2.6 ሜትር በ20 ጊጋኸርትዝ፣ ከሚደርሰው ኃይል 65 በመቶው በደንብ ይሰበሰባል ብንል፣ ወደ 53 ዴሲቤል ነው። በቀላሉ፣ በሁሉም አቅጣጫ ከመርጨት ይልቅ ጨረሩ መሐል ላይ ኃይሉ 190 ሺህ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ተጠቃሚው ቤት 77 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ሰቅሎ በ2011 እስከ 10 ሜጋቢት ማውረድ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆርኖቹ ተጋፉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጣራ ላይ አንድ ዲሽ ሁለት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚታሰር ምልክት መቀበያ) ተሸክሞ ታያለህ። አንዱ በ13 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ሆትበርድ ይይዛል። ሌላው በ19.2 ዲግሪ ያለውን አስትራ። ዲሹ አይንቀሳቀስም። መሐል ላይ ያለው ኤልኤንቢ ፊት ለፊት ያያል፤ ወደ ጎን የተገፋው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን ያያል። የባለ ብዙ ጨረር አንቴና ምሥጢር ሁሉ ይኸው ነው። ዲሹ አንድ፣ ሆርኑ ብዙ። እያንዳንዱ ሆርን በተቀመጠበት ቦታ ልክ የራሱን አቅጣጫ ይይዛል።

ያንን ዲሽ ጠጋ ብለህ እየው። የሁለቱ ኤልኤንቢ አፎች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። በ80 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ላይ የ6 ዲግሪ ልዩነት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦታ ነው የሚሰጠው። የተለመደው ኤልኤንቢ አፍ ራሱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህላል። የሁለቱ ሳተላይቶች ርቀት 3 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ አይገቡም። ለዚህ ተብሎ ቀጫጭን ኤልኤንቢ ይሸጣል። ዲሽ የሚሰቅል ሰው ሁሉ ይህን ጣጣ በእጁ ያውቀዋል።

ካ-ሳት ላይ ልዩነቱ 6 ዲግሪም 3 ዲግሪም አይደለም። 0.35 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.4 ዲግሪ ስፋት ያላቸው ክቦች ክፍተት ሳይተዉ እንዲገጣጠሙ መሐል ለመሐል ርቀታቸው ያን ያህል መሆን አለበት። ለስሌት እንዲመቸን የዲሹ ፎከስ፣ ማለትም ሞገዱ የሚሰበሰብበት ነጥብ፣ 4 ሜትር ላይ ነው እንበል። 0.35 ዲግሪ በ4 ሜትር ርቀት 2.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁሉም ጨረር ከአንድ ዲሽ ይውጣ ካልን፣ አንዱ ሆርን ከ2.4 ሴንቲ ሜትር በላይ መስፋት አይችልም። አለዚያ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል።

ታዲያ ሆርኑ ቢያንስ ምን ይሆናል? የሆርን ጠባይ ከዲሽ ጋር አንድ ነው። ጠባብ አፍ ሰፊ ጨረር ይተፋል። ከፎከሱ ሆነህ ስታየው ዲሹ 36 ዲግሪ ገደማ ይሰፋል። ጥሩ የሚባል ሆርን ኃይሉን እዚያች 36 ዲግሪ ውስጥ ይጨምራል። ዲሹ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ኃይሉ መሐል ካለው አንድ አሥረኛ ቢሆን መልካም ነው። ባለ 2.4 ሴንቲ ሜትር ሆርን ግን በ20 ጊጋኸርትዝ አንድ አሥረኛ የሚደርሰው 75 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከዲሹ በእጥፍ ሰፋ። ከኃይሉ ብዙው ዲሹን ስቶ ወደ ጠፈር ይፈሳል። ሳተላይት ላይ አንድ ዋት እንኳ በገንዘብ ነው። ይህን ያህል ኃይል ለጨለማ የሚረጭ ንድፍ ማንም አይቀበልም።

ሆርኑን በእጥፍ ብናሰፋውስ? 4.9 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አሁን አንድ አሥረኛው ነጥብ 37 ዲግሪ ላይ ይወድቃል። ዲሹን ልክክ አለ። ግን አንዱ ሆርን የጎረቤቱንም ቦታ ያዘ። አንዱን ስታስገባ ሌላው ይወጣል።

መውጫው ጨረሮቹን ለየዲሹ ማደል ነው። ማር እንጀራ ላይ እንዳሉት ጉድጓዶች የተደረደሩ ጨረሮችን አስብ። በአራት ቀለም ስትቀባቸው ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው የቅርብ ጎረቤቶች ርቀት በትክክል የመደበኛው እጥፍ ነው። 0.35 የነበረው 0.7 ዲግሪ ሆነ። አንድ ዲሽ አንድ ቀለም ብቻ ቢይዝ ሆርኖቹ መሐል ለመሐል 4.9 ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ። የፈለግነው ይኸው ነበር! አራት ቀለም፣ አራት ዲሽ። በእያንዳንዱ ዲሽ ፊት በአማካይ 20 ገደማ ሆርን። ጨረሮቹ የሚገጣጠሙት ሳተላይቱ ላይ አይደለም። መሬት ሲደርሱ ነው አንዱ የሌላውን ክፍተት የሚሞላው።

በሙያው ይህ “አንድ ጨረር ለአንድ ሆርን” የሚባለው መንገድ ነው። ዋጋው ዲሾች መብዛታቸው ነው። ሌላም መንገድ አለ። አንድን ጨረር ብዙ ትንንሽ ሆርኖች ተጋግዘው እንዲሠሩት ማድረግ። አንዱ ሆርን ለሁለት ለሦስት ጎረቤት ጨረር በጋራ ያገለግላል። ያኔ ሁለት ዲሽ ወይም አንድ እንኳ ሊበቃ ይችላል። ግን ኃይሉን የሚያከፋፍልና የሚያደባልቅ የቱቦ መረብ ከጀርባ ያስፈልጋል። መረቡ ውስጥ ኃይል ይባክናል፣ ለመሥራትና ለመፈተሽም ፈተና ነው። ዲሽ ለመስቀል ቦታ እስካለ ድረስ ቀላሉን መንገድ መምረጥ ልክ ይመስለኛል። ካ-ሳት ቦታ ነበረው።

ሆርኑ ራሱ ሁለት ሥራ አለው። በ20 ጊጋኸርትዝ ይልካል፣ በ30 ደግሞ ይቀበላል። አንድ አፍ ለሁለቱም። ከጀርባው ያለው ዕቃ ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች ይለያል፣ ፖላራይዜሽኑንም ያሽከረክራል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ትንሽ ታግዛለች። በ30 ጊጋኸርትዝ ሞገዱ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ዲሹ በሙሉ ቢሠራ የመቀበያው ጨረር ወደ 0.27 ዲግሪ ይጠብና ከመላኪያው ጋር አይመጣጠንም። የሆርኑ ጨረርም ግን አብሮ ይጠባል። የዲሹን መሐል አብዝቶ ያበራል፣ ጠርዙን ይተወዋል። ስለዚህ የሚሠራው የዲሹ ክፍል ያነሰ ያህል ይሆናል። የመቀበያው ጨረር ሰፋ ብሎ ወደ መላኪያው ይጠጋል። ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ግን ባይረዳ ኖሮ ሌላ አራት ዲሽ ልንፈልግ ነበር።

የጠርዝ ሰዎች

ሦስት ጨረሮች የሚገናኙባት ነጥብ አለች። እዚያ ቤቱን የሠራ ሰው ከሁሉም መሐል 0.2 ዲግሪ ይርቃል። የሚደርሰው ኃይል ጨረሩ መሐል ካለው ሰው ግማሽ ነው። 3 ዴሲቤል አጣ። ይኸው ሰው ከሌሎች ተመሳሳይ ቀለም ካላቸው ጨረሮች የሚያፈተልከውንም ይሰማል። ዲሽ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁለት የጎን ጨረር አያጣም። የዲሹን ጠርዝ አደብዝዘህ ካበራህ የጎን ጨረሮቹ ይደክማሉ፣ ግን ዋናው ጨረር ይሰፋል። አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጥሃል። አንድ ቀለም አንድ ዲሽ የመሆኑ ጥቅም እዚህም ይታያል። የሚረባበሹት ጨረሮች ከአንድ ዲሽ የሚወጡ ስለሆኑ የሁሉንም ጠባይ አብሮ ማስተካከል ይቻላል።

ንድፉ የሚመዘነው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። መሐል ላይ 53 ዴሲቤል ማግኘት ለማስታወቂያ ይሆናል። መሐንዲሱን እንቅልፍ የሚነሳው የጠርዙ ሰው ነው።

ጠርዙ ላይ ችግሩን የሚያብሰው መወዛወዝ ነው። ሳተላይቱ በ0.05 ዲግሪ ዘንበል አለ እንበል። መሬት ላይ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ሸርተት ማለት ነው። መሐል ላይ ያለው ሰው 0.2 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚያጣው፣ አያስተውለውም። ጠርዝ ላይ ያለው ግን ተጨማሪ 1.7 ዴሲቤል ያጣል። ከነበረችው ላይ ሲሶዋ ሄደች። ሰፊ ጨረር ባለው የቴሌቪዥን ሳተላይት ላይ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ቦታ አይሰጠውም። ዩቴልሳትም ካ-ሳትን ሲያስተዋውቅ የአንቴናዎቹን የተሻሻለ የማነጣጠር ትክክለኛነት ለይቶ ያነሣው በከንቱ አልነበረም።

የዲሹ ልሙጥነትም አለ። ጆን ሩዝ የተባለ መሐንዲስ በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀች ቀመር አለች። የዲሹ ገጽ በአማካይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተዛባ ከነገርካት ስንት ዴሲቤል እንደምታጣ ትነግርሃለች። ለ0.3 ሚሊ ሜትር በ30 ጊጋኸርትዝ 0.6 ዴሲቤል ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.7። ይህ የዲሹ ገጽ ደግሞ አንዴ በፀሐይ ይለበለባል፣ አንዴ በምድር ጥላ ውስጥ ይበርዳል። የሙቀቱ ልዩነት ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ተራ ብረት ቢሆን ይጣመማል። እንዲህ ያሉ ዲሾች ከካርቦን ፋይበር የሚሠሩት ቀላል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሙቀት ሲፈራረቅበት ቅርጹን ስለማይለቅ ጭምር ነው።

ከፎከሱ ርቀው የተቀመጡት ሆርኖችም የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ከሊዝበን እስከ አንካራ ከሳተላይቱ ሲታይ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የዳር ጨረሮች ከመሐሉ በስድስት ሰባት የጨረር ስፋት ይርቃሉ። በዚያ ርቀት ዲሹ ጥርት አድርጎ አያይም። ጨረሩ በአንድ ጎን ጭራ ያወጣል። ፎከሱ ረዘም ያለ ዲሽ መምረጥ ይህን ይቀንሳል። ለዚህም ነው እንዲህ ያሉ አንቴናዎች ላይ ሆርኖቹ ከዲሹ ርቀው የሚቀመጡት።

ምድር ላይ ስላለው ክፍል ብዙ አልልም። አሥር ጣቢያዎች አሉ፤ ስምንቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ተጠባባቂ ናቸው። አንዱ ጣቢያ አሥር ገደማ ጨረሮችን ይመግባል። በፋይበር ተያይዘው ጣልያን፣ ቱሪን ካለው መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ካ-ሳት በዓለም ዜና የተነሣው በሳይበር ጥቃት ነው። የተመታው የተጠቃሚዎች ሞደም ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የጀርመን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከርቀት ቁጥጥር ውጭ ሆኑ። ዲሾቹና ሆርኖቹ ምንም አልሆኑም።

ካርታው ቀድሞ ተሸጧል

አሁን ወደ ጣጣው። ሆርን አንዴ በብሎን ከታሰረ ታሰረ ነው። ይህቺ ሆርን አየርላንድ፣ ያቺ ሆርን ቱርክ። ለ15 ዓመት አይቀየርም። ካ-ሳት ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጨረር የተሰጠው 237 ሜጋኸርትዝ ነበር። ሰው የሚጋፋበትም ሆነ ማንም የማይፈልገው፣ ሁሉም እኩል።

ገበያው ግን እኩል አልሆነም። በምዕራብ አውሮፓ፣ ገመድ ያልደረሰባቸው የገጠር ሰዎች በብዛት ተመዘገቡ። እዚያ ያሉ ጨረሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞሉ። ሻጩ አዲስ ደንበኛ መቀበል ከበደው። ሌሎቹ ጨረሮች ግን ገና ሰፊ ቦታ ነበራቸው። ሳተላይቱ በጥቅሉ ባዶ ቦታ እያለው ደንበኛ ይመልሳል። ከአንዱ ጨረር የተረፈውን ለሌላው ማዋስ አይቻልም፤ ሆርኑም፣ ማጉያውም፣ ፍሪኩዌንሲውም ለየቦታው ተቆርጦለታል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው ቪያሳት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሳተላይት፣ ቪያሳት-1 ነው። በኦክቶበር 2011 ወጣ። 72 ጨረሮች ብቻ ነበሩት፤ 63ቱ ለአሜሪካ፣ 9ኙ ለካናዳ። የጨረሩ ቁጥር ያንሳል፣ አቅሙ ግን 140 ጊጋቢት በሰከንድ ተባለ። የካ-ሳት እጥፍ። ልዩነቱ በዋናነት ካርታው ላይ ነው። ጨረሮቹን ሰው በሚበዛበት ምሥራቅና በምዕራብ ዳርቻ ላይ አከማቸ። ሰው በሳሳበት በምዕራቡ መሐል አገር ተጠቃሚ አልሸፈነም፤ የምድር ጣቢያዎቹን እዚያ አካባቢ አስቀመጠ። ስለዚህ ጣቢያና ተጠቃሚ በፍሪኩዌንሲ አልተሻሙም። ለተጠቃሚው የሚሰጠው ከካ-ሳት በላይ ሰፋ።

ዩቴልሳት ይህን ማድረግ ይችል ነበር? በከፊል። አሜሪካ አንድ አገር ናት፤ የሞንታናን ሰው ትተህ ለኒው ዮርክ ብትሸጥ የሚጠይቅህ የለም። አውሮፓ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱ ተቆጣጣሪና የራሱ ሻጭ አለው። ሁሉንም በእኩል መሸፈን የንግድ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካም ምርጫ ነው። እኔ ብሆን ግን ለዳር አገሮች ሰፋ ያሉ ጥቂት ጨረሮችን ሰጥቼ፣ የተረፉትን ጨረሮች ምዕራቡ ላይ አከማች ነበር። ይህን ማለት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ፣ ገበያው ሳይታወቅ፣ ቀላል አልነበረም።

በ2021 ቪያሳት የካ-ሳትን ንግድ ጠቅልሎ ገዛው። ዩቴልሳት በዚያው ዓመት በጁላይ ኳንተም የተባለ ሳተላይት አስወነጨፈ። ጨረሮቹ በሶፍትዌር ቅርጽና ቦታ ይቀይራሉ። ስምንት ጨረር ብቻ ነው ያለው። መዘዋወር መቻሉን በቁጥር ከፈለ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ሌላው የዩቴልሳት ሳተላይት፣ ኮኔክት ቪኤችቲኤስ፣ ወጣ። ታሌስ አሌኒያ ስፔስ የሠራው ነው፣ ቁመቱ 8.8 ሜትር፣ ጨረሮቹ 230 ገደማ፣ አቅሙ 500 ጊጋቢት በሰከንድ። እሱ ላይ ጨረሮቹ ባሉበት ናቸው። ሳተላይቱ ውስጥ የተቀመጠው ዲጂታል ፕሮሰሰር ግን የትኛው ጨረር ስንት ፍሪኩዌንሲ እንደሚያገኝ ከምድር ሲታዘዝ ይቀይራል። ካ-ሳት ላይ ለአየርላንድም ለቱርክም እኩል ተቆርጦ የነበረው 237፣ እዚህ እንደ ፍላጎቱ ይሰፋል ይጠባል።